የእንቁላል ኩርባ

ከካሊሎሮ መንደር ወደ ፓራካን ገበያ የሚወርደው መንገድ አሥራ አንድ ኩርባ አለው። ስም ያለው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ ሰባተኛው። የእንቁላል ኩርባ ይባላል። የጭነት መኪና ሾፌሮች በስልክ «እንቁላሉ ጋ ደርሻለሁ» ይባባላሉ፤ ቤት የሚጠይቅ እንግዳ «ከእንቁላሉ ዝቅ ብሎ በቀኝ» ይባላል። ስሙ ከየት እንደመጣ ቆም ብሎ የሚያስብ የለም። ሳታስበው ያላለፈችበት ቱሚናህ ብቻ ናት። እንቁላሎቹን የጫነችው እሷ ነበረች።

ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከሲንዶሮ ተራራ ጎን ካለው የዶሮ እርባታ እንቁላል ተቀብላ፣ በአሮጌ ሲቢ ሞተር ሳይክሏ ጭና ገበያ ታወርዳለች። በአንድ ጉዞ ስድስት መቶ እንቁላል፣ ከኋላ ወንበሩ ግራና ቀኝ በተንጠለጠሉ ሁለት የቀርከሃ ቅርጫቶች ውስጥ፣ በሩዝ ገለባ ተጎዝጉዞ። ወንዶቹ ጎመንና ድንች ነው የሚያወርዱት። ጎመን ቢወድቅ አቧራውን አራግፎ መጫን ነው፤ እንቁላል ግን በዚያ ተዳፋት ላይ ለእሷ እንጂ ለሌላ ሰው አይሰጥም ነበር። በአምስት ዓመት የሰበረችው በጣት ይቆጠራል።

አንድ የነሐሴ ጠዋት፣ ዝናብ ባልነካው ደረቅ መንገድ ላይ፣ ሰባተኛው ኩርባ ስትደርስ እንደ ሁልጊዜው የኋላ ፍሬኗን ነካ አደረገች። ጎማው ክርር ብሎ ተቆለፈ። እግሯን አነሳች፤ አልለቀቀም። ሞተሩ አስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር እያሰመረ ወደ ጎን ወሰዳትና ከመንገዱ ዳር ግንብ ጋር አላተማት። ግራ ጉልበቷ ተሰበረ። ከስድስት መቶው እንቁላል አራት ተረፉ።

መጀመሪያ የደረሰው ዋጊማን ነው። ዋጊማን የመንደሩ ሜካኒክ ነበር፤ በዋዜማው የሞተሯን የኋላ ጎማ አውልቆ የፍሬን ሸራ የቀየረላትም እሱ ነው። ቱሚናህ የግንቡ ሥር እንደተጋደመች አየችው። መጀመሪያ ወደ እሷ አልመጣም። ከሞተሩ አጠገብ ተንበረከከና የኋላውን ጎማ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ተነስቶ ጥቁሩን መስመር በእርምጃ ለካ፤ አርባ አንድ። ከዚያ ለተሰበሰበው ሰው፣

«ፍሬኑን ረግጣ ደርቃ ቀርታለች» አለ። «ሴት ስትደነግጥ እግሯን አታነሳም።»

ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ጎረቤቶች ሞተሩን በመኪና ጭነው ቤቷ ጓሮ አራገፉት። ባሏ ሳርኖ በላስቲክ ጠቀለለው። አልጋ ላይ ሆና «እግሬን አንስቻለሁ እኮ» ስትለው፣ «እሺ፣ ግድ የለም፣ አንስተሻል» አላት፤ ትኩሳት ላለበት ልጅ በሚነገርበት ድምፅ። ከጉልበቷ ሕመም ይልቅ ያልረሳችው ያንን ድምፅ ነው።

ጉልበቷ ዳነ፤ ሙሉ በሙሉ መታጠፍ ግን አቃተው። እንቁላሉን ሌሎች ወሰዱት። እሷ የመንደሩ ሜዳ ጥግ ላይ የበሰለ ሩዝ መሸጫ ከፈተች። እንዲህ ሆኖ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

ዋጊማን በእነዚህ ዓመታት ትልቅ ሰው ሆነ። ድሮ ለአሮጌ ብረት ገዢ ይጣሉ የነበሩ ሞተሮች ከከተማ ሰው የሚመጣላቸው ዕቃ ሆኑ፤ የአሮጌ ሞተሮች ማኅበር ተቋቋመ፤ ሊቀመንበሩ እሱ። በየዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነሐሴ 17፣ የነጻነት በዓሉ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ፣ አባላቱ በካሊሎሮ ሜዳ ይሰለፉና ተያይዘው ወደ ፓራካን ይወርዳሉ። ከመውረዳቸው በፊት ሊቀመንበሩ በየተራ እያንዳንዱን ሞተር ይመረምራል። መሪውን ያወዛውዛል፤ ፍሬኑን ይጨብጣል፤ ብሎን ነካ ነካ ያደርጋል። ካመነበት መሪው ላይ ቀይና ነጭ ጥብጣብ ያስራል። ጥብጣብ የታሰረለትን ሞተር ሌላ ሰው ደግሞ አይመረምረውም። ታላቅ ወንድ «ፓክ»፣ ታላቅ ሴት «ቡ» ተብለው በሚከበሩበት በካሊሎሮ፣ ታላቅ ሰው ያየውን መልሶ ማየት ታላቁን መስደብ ነው።

ከምርመራው በፊት ንግግር አለ። ንግግሩ ላይ ቀልድ አለ።

«ወንድሞች፣ ሰባተኛው ኩርባ ላይ ቀስ በሉ» ይላል በድምፅ ማጉያው። «በጃቫ ደሴት ትልቁ የእንቁላል ጥብስ የተጠበሰው እዚያ ነው። ጨው ብቻ ነበር የጎደለው።»

ሜዳው ይስቃል። ቱሚናህም ሩዝ እየጨለፈች ፈገግ ትላለች። ሰው ፊት የሚቆጣ አዋቂ፣ በዚያ መንደር እንደ ሕፃን ነው የሚታየው። አደጋው በደረሰ በአሥራ ስምንተኛው ዓመት ግን ቀልዱ ጅራት አወጣ።

«ያቺውላችሁ፣ ጭልፋ ይዛለች» አለ ወደ መሸጫዋ እየጠቆመ። «ጭልፋ ፍሬን የለውም። ለዚህ ነው ያማረባት።»

በማግሥቱ ሱቋን አልከፈተችም። ጓሮ ገብታ ላስቲኩን በቢላ ቀደደችው።

መጀመሪያ የፈለገችው ተራ ነገር ነበር፦ ሞተሩን ጠግና በሚቀጥለው ዓመት ከፊታቸው መውረድ። ነድታ ማሳየት ብቻ። አየር ማጣሪያው ውስጥ አይጥ ወልዳበታለች። ፒስተኑ ተጣብቋል፤ በካንዴላው ቀዳዳ ናፍጣ አፍስሳ ዘጠኝ ቀን ጠበቀችው፤ በአሥረኛው ማስነሻውን በካልቾ ስትመታው እያቃሰተ ተንቀሳቀሰ። የእያንዳንዱን ብሎን ቦታ እጇ ያውቀዋል። ለጉልበቷ ስትል የማርሽ መርገጫውን ቆርጣ በአራት ጣት አስረዝማ አስበየደችው።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ኋላው ጎማ መጣች። ሲቢ ላይ የኋላው ፍሬን ከጎማው ጋር አብሮ እንዳይዞር የሚይዘው አንድ ጠፍጣፋ ብረት አለ፤ ክንዱ ይሉታል። የክንዱ ጫፍ ከፍሬኑ ጋር በብሎን ይታሰራል፤ በብሎኑ ላይ ዳዶ ይጠብቃል፤ ዳዶው እንዳይላላ ደግሞ እንደ ፀጉር ማስያዣ የታጠፈች ቀጭን ሽቦ በቀዳዳው ታልፋና ጫፎቿ ተቆልምመው ይቆልፉታል። ሽቦዋ ከክብሪት እንጨት አትበልጥም።

የቱሚናህ ሞተር ክንድ ተንጠልጥሎ ነበር። ብሎን የለም፤ ዳዶ የለም፤ ሽቦ የለም። ቀዳዳው ውስጥ ጣቷን ከታ አዞረችው። ከዚያ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለችና የቀትር አዛን እስኪሰማ ድረስ አልተነሳችም። ሳርኖ ምሳ ፍለጋ መጥቶ አገኛት።

«አሞሻል?»

«ጣትህን እዚህ ክተት።»

ከተተ። ሳርኖ ትንባሆ ገበሬ ነው፤ ቢሆንም የብረት ቀዳዳ ማየት አያቅተውም። «ቀዳዳ ነው» አለ።

«ምን ዓይነት?»

«ክብ።»

«ብሎኑ ስወድቅ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ?»

ሳርኖ እንደገና ጣቱን ከተተ። «ተቀዶ ይሰፋ ነበር።»

«አልተቀደደም። ብሎኑ አልተሰበረም። ከመውደቄ በፊት ተፈቶ ወድቋል። በዋዜማው ጎማውን ሲመልስ ሽቦዋን አላደረጋትም።»

ባሏ የተንጠለጠለውን ክንድ በጣቱ ገፋ አደረገ። «እግርሽን አንስተሽ ነበር» አለ።

«አሥራ ስምንት ዓመት ዘገየህ።»

«ሄደን ለፓክ ዋጊማን እንንገረው። መቼም ሰው ነው፣ ይቅርታ ይጠይቃል።»

«የት? ሳሎኑ ውስጥ፣ ሻይ እያጠጣኝ? እኔን በድምፅ ማጉያ ነው የሰደበኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ሌላ ሥራ ሆነ። ያለፈው ነገር ሁሉ ደግሞ ተገልጦ ይታያት ጀመር። ዋጊማን ተንበርክኮ ነበር። ጎማውን ለረጅም ጊዜ አይቷል። የተንጠለጠለ ክንድ ያላየ ሜካኒክ የለም። አይቶ ነው ተነስቶ የለካው። ይህን ስታስብ ካቻቢቴው በእጇ ይሞቃል።

ዕቃ ከእሱ ጋራዥ አልገዛችም። ቴማንግጉንግ ድረስ በሚኒባስ እየሄደች፣ ከሞቱ ሞተሮች ላይ እየፈታች አመጣች፦ ካርቡሬተር ከአንዱ፣ ማርሚታ ከሌላው። አዲስ ፒስተን ሲገባ የመጀመሪያውን አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ሳያስጮኹ መንዳት ግድ ስለሆነ፣ በተራራው ጀርባ፣ ማንም በማያውቃት መንገድ፣ በጎመን እርሻ መሀል ለብቻዋ ትነዳ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሰባት ጊዜ ጠፋባት። በሁለተኛው ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቁልቁለት ላይ ሳታስበው ወገቧን ወደ ኩርባው ጣል አደረገችና ሞተሩ ተከተላት። ቆማ አለቀሰች ቢባል ደስ ይል ነበር፤ አላለቀሰችም። ማርሽ ቀይራ ወረደች።

ክንዱን በአዲስ ብሎን፣ በአዲስ ዳዶ፣ በአዲስ ሽቦ ነበር ያሰረችው። ነሐሴ 17 ጠዋት ግን ጎንበስ ብላ ሽቦዋን በፒንሳ ቀጥ አድርጋ መዘዘቻትና ኪሷ ከተተቻት። ሳርኖ ቆሞ ያያል።

«ካየው?»

«ካየው ሜካኒክ ነው። ቂሜን ይዤ ወደ ሩዜ እመለሳለሁ።»

«ካላየው?»

«ያኔ ጎማውን ሲገጥምም ልብ አላለም፤ ዛሬም አይልም ማለት ነው። ልዩነቱ ዛሬ ስልሳ ሰው ቆሞ ያየዋል።»

ሞተሩን አላስነሳችውም። ሁለቱም እየገፉ ሜዳ አደረሱት። ሽቦዋ ሳትገባ ሞተሩ በራሱ ኃይል አንዲት ስንዝር እንደማይሄድ ወስናለች፤ ይህን የሚያውቁት ግን እሷና ባሏ ብቻ ናቸው።

በሜዳው ዙሪያ የተከተፈ ትንባሆ በወንፊት ላይ ተሰጥቷል። ሞተሮቹ ተሰልፈዋል። የማኅበሩ ጸሐፊ ቴጉህ፣ ድምፅ ማጉያ በእጁ ይዞ ከሊቀመንበሩ ኋላ ኋላ እየሄደ የእያንዳንዱን ሞተር ዓመተ ምሕረትና የባለቤቱን ስም ያውጃል። ቱሚናህ ጋ ሲደርሱ ሜዳው ጸጥ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቅ ተሰማ።

«ቱም» አለ ዋጊማን። ስልሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጥቁር የሐር ቆብ አድርጎ፣ ቅርንፉድ የሚሸት ሲጋራ ይዟል። «ቅርጫቶቹን የት ጣልሻቸው?»

«ዛሬ እንቁላል የለም፣ ፓክ። ይመርምሩልኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ማን ጠገነው?»

«እኔ።»

ሞተሩን ዞረው። ታንከሩን መታ መታ አደረገ። «ቀለሙ ቆንጆ ነው» አለ። መሪውን አወዛወዘ። የማርሽ መርገጫውን አይቶ፣ «ይሄ ደግሞ የቀጭኔ እግር ነው?» አለ፤ ሰዎች ሳቁ። የኋላውን ጎማ በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው። ጎንበስ አላለም። አንገቱ ላይ ከተንጠለጠሉት ጥብጣቦች አንዱን ስቦ መሪው ላይ አሰረ።

«የኋላውን በደንብ አይተውታል፣ ፓክ?»

«ቱም፣ አንቺ ከማግባትሽ በፊት ጀምሮ ጎማ ሳይ ነው የኖርኩት።»

«እንግዲያው ሰው አፈናጥጬ መውረድ እችላለሁ?»

«የደፈረ ሰው ካገኘሽ።»

«ቡ ሪያቲ እሺ ብለውኛል።»

ሪያቲ የዋጊማን ሚስት ናት። ከሞተሩ ጎን ቆማ ሻሿን እያጠበቀች ነበር። ትናንት ሩዝ ልትገዛ መጥታ ቱሚናህ ስትጠይቃት ወዲያው ነው እሺ ያለችው። ስለ ሽቦዋ ምንም አልተነገራትም።

«ሠላሳ ስድስት ዓመት የአንተን ጀርባ እያየሁ ወርጃለሁ» አለች ለባሏ። «ዛሬ የሌላ ሰው ጀርባ ልይ።» እግሯን አሻግራ ተፈናጠጠች። ቱሚናህም ወጥታ መሪውን ያዘች።

ሪያቲ እግሯን የምታሳርፍበትን ብረት ስትፈልግ ዋጊማን ሊያሳያት ጎንበስ አለ። ከብረቱ ኋላ፣ አንድ ስንዝር በማትሞላ ርቀት ላይ፣ ክንዱ አለ። ሲጋራው ከጣቱ ወደቀ።

«ቆይ» አለ። «ውረጂ፣ ሪያቲ።»

«ለምን?»

«ጎማው አየር አንሶታል።»

ቴጉህ ወዲያው ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጫነው። «ድንጋይ ነው እኮ፣ ፓክ።»

ዋጊማን ቀና ብሎ ቱሚናህን አያት። ዓይኗን አልነቀለችም። እሱ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«አንድ ነገር ረስተሻል» አለ ሁሉም እንዲሰማ። «ክንዱ ላይ መቆለፊያ ሽቦ የለም። አያችሁ፣ ሴት ስትጠግን…»

«ጥብጣቡን አስረውልኛል እኮ፣ ፓክ።»

«አሁን አየሁት።»

«የማያውቁ ወንድሞች አሉና ያስረዱን። ያቺ ሽቦ ባትኖር ምን ይሆናል?»

ማስረዳት ይወዳል። ልማዱ ቀደመው። «ዳዶው በንዝረት ይላላል፤ ብሎኑ ይወድቃል። ክንዱ ይለቃል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ፍሬን ሲነካ የፍሬኑ ሳህን አብሮ ይዞራል፤ ጎማው ይቆለፋል።»

«ነጂው ረግጦት ነው ወይስ ነካ ብቻ ቢያደርገውም?»

አሁን የት እንደደረሰ ገባው። ቴጉህ ድምፅ ማጉያውን ማጥፋት ረስቶ ከአገጩ ሥር ይዞታል።

«ነካ ብቻ ቢያደርገውም» አለ ዋጊማን።

«እግሩን ቢያነሳስ?»

«ቢያነሳም…» አለ በቀስታ፤ ማጉያው ግን ሜዳው ዳር ድረስ አደረሰው፤ «ቢያነሳም አይለቅም።»

ከሰልፉ መሀል አንዱ ሽማግሌ ቆቡን አወለቀ። ሌላው የራሱን ሞተር አጠፋ። ቱሚናህ ድምፅዋን አንድ ጊዜም ከፍ አላደረገችም።

«ያን ቀን ሰባተኛው ኩርባ ላይ ከእኔ በፊት ወደ ጎማው ነበር የሄዱት። ተንበርክከው ምን አዩ፣ ፓክ ዋጊማን?»

ዋጊማን አንገቱ ላይ ያሉትን ጥብጣቦች ያስተካክል ጀመር።

«የልጆቼ አባት» አለች ሪያቲ ከኮርቻው ላይ ሳትወርድ። «ተጠይቀሃል።»

«ክንዱ ተንጠልጥሎ ነበር» አለ።

«በዋዜማው የገጠመው ማን ነበር?» አለች ቱሚናህ።

«እኔ።»

ማንም አልጮኸም፤ ማንም አልሰደበውም። ሰዉ ዓይኑን ከእሱ ላይ አነሳ፤ ይሄ በካሊሎሮ ከስድብ ይብሳል። ቆቡን ያወለቀው ሽማግሌ ብቻ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሆኖ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ያሳቅኸን በዚህ ነው?» አለ።

ቱሚናህ ደስ አላት። ለስሜቱ ሌላ የሚያምር ስም አልፈለገችለትም። ከኪሷ ሽቦዋንና ፒንሳዋን አውጥታ ዘረጋችለት።

«ይግጠሙልኝ።»

ዋጊማን ተንበረከከ። ሽቦዋ ሁለት ጊዜ አመለጠችው፤ በሦስተኛው በቀዳዳው አሳለፋት። አንዱን ጫፍ ቆልምሞ ሊነሳ ሲል፣

«ሁለተኛውንም» አለችው።

ሁለተኛውንም ቆለመመ። እሷ ራሷ ወርዳ፣ ጉልበቷ እስከሚፈቅደው ጎንበስ ብላ፣ በጣቷ አረጋገጠች። የእሱን ሥራ ሰው ፊት ዳግመኛ የመረመረ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ከዚያ ጥብጣቡን ከመሪው ፈታችና አጣጥፋ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

ሞተሩ በሁለተኛው ካልቾ ተነሳ። ሌሎቹ እስኪከተሉ አልጠበቀችም። ሳርኖ ከሜዳው ጫፍ እጁን ሲያነሳ አየችው፤ መልሳ አላነሳችለትም፤ የእሱ ሒሳብ ገና አልተዘጋም።

የመጀመሪያዎቹን ኩርባዎች ሪያቲ የቱሚናህን ወገብ ጭምቅ አድርጋ ይዛ ወረደች። ስድስተኛው ላይ ያዟን ላላ አደረገች። በሰባተኛው ቱሚናህ ፍሬኗን ነካ አደረገች፤ ሞተሩ ለስለስ ብሎ ዘነበለና ግንቡን አልፎ ወጣ። ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ ሪያቲ አፏን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«ቱም፣ እኔን ጭነሽ ያለ ሽቦ ልታስነሺው ነበር?»

«አይ፣ ቡ። ሽቦዋ ሳትገባ አላስነሳውም ነበር።»

«እውነቱን?»

«እውነቱን። ተገፍቶ ነው ሜዳ የደረሰው። ሳርኖን ይጠይቁት።»

ከታች የፓራካን ጣሪያዎች መታየት ጀምረዋል።

«ባሌ ይህን ያውቃል?»

«አያውቅም። እርስዎን ልገድልበት እንደነበር ነው የሚመስለው።»

«እንግዲያው አትንገሪው።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ኢድ። በኢድ ይቅር መባባል ግድ ነው፤ ያኔ እንነግረዋለን።»

ቱሚናህ በሐሳቧ ወሮቹን ቆጠረች። «ኢድ እኮ ገና ስምንት ወር ይቀረዋል፣ ቡ።»

«አውቃለሁ» አለች ሪያቲ። «ንጂ።»